ጥቅል ጎመንና የእናቴ ሙግት

ጥቅል ጎመን ሲላጥ ድምፅ አለው። ሰው ልብ አይለውም እንጂ ቅጠሉን ከቅጠሉ ስትለያዪው፣ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ሲጥ ሲጥ ይላል። ዛሬ ጠዋት ከጉልት ያመጣሽልኝን ጎመን ስልጥ ያ ድምፅ መጣና እጄን ያዘው። «ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አልሽኝ፤ «ምንም» አልሁሽ። ምን ምንም ይሆናል! በይ ቢላዋውን አስቀምጪና ቁጭ በይ። ድስቱም አይቸኩልም፣ እኔም አልቸኩልም።

አገራችን ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ነው፣ ኮሶበር ለመግባት አንድ ዳገት ሲቀር። ዛሬ እንጅባራ የምትሏትን ከተማ ነው ኮሶበር የምላት፤ በልጅነቴ የለመድሁትን ስም አሁን ልቀይር አልችልም። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ በኩል ጉም ይመጣና የቀርከሃው አጥራችን ውሃ ሲያንጠባጥብ ይቆያል። ፀሐይ ስትወጣ ጓሮው ይተናል፤ የፍግ፣ የጤና አዳምና የእርጥብ አፈር ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ቤት ድረስ ይገባል። ያን ሽታ ዛሬ ብታመጪልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ከየትኛው መደብ እንደመጣ እነግርሽ ነበር።

ጓሮው የእናቴ ነበር። የእናቴ ነበር ስልሽ በአፍ ብቻ አይደለም። አባቴ በፈረሱም በበሬውም በእኛም ላይ ያዝዛል፤ ጓሮ ሲገባ ግን ነጭ ሽንኩርት እንዳይረግጥ እግሩን እያየ፣ እንደ እንግዳ ነው። ድንቹም፣ ጌሾውም፣ ጎመኑም፣ ለመድኃኒት የሚሆነው ቅጠላ ቅጠልም ሁሉ በእሷ እጅ ነው። እናቴ የአገው ልጅ ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ከእኛም ከጓሮዋም ጋር የምታወራው በአገውኛ ነው። ስትኮተኩት የምታጉተመትመውን ሰምቶ ያለፈ መንገደኛ ከጀርባ ሕፃን ያዘለች ይመስለው ነበር።

አባቴ ደግሞ ሙግት ወዳድ ሰው ነበር። ወዳድ ማለት ይበቃል ብለሽ ነው? ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ዳንግላ ፍርድ ቤት ይመላለሳል፤ የራሱ ጉዳይ ሲያልቅበት የጎረቤት ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። ቀጠሮው ሲደርስ እቤት ይለማመዳል። ምሰሶውን ዳኛ ያደርገዋል፣ እናቴን ባላጋራ ያደርጋታል፣ ጋቢውን አደግድጎ በፊቷ ቆሞ ይሟገታታል። እሷ ድንቿን እየላጠች ዝም ብላ ትሰማዋለች። መጨረሻ ላይ ለምሰሶው፣ «ጌታዬ፣ መልስ የላትም» ይልና ይረታታል። እኛ ልጆቹ እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። ይቺን ነገር ያዢልኝ።

እንግዲህ ጎመን። የሀበሻ ጎመን እንዴት እንደሚበላ አንቺም ታውቂያለሽ። ከታች ከታች ይቀጠፋል፣ ከላይ ከላይ ያድጋል፤ አንዱ ተክል ወር በመጣ ቁጥር ቤት ያበላል። እናቴ ካልቀጠፈችው «ታፈነ» ትላለች። የታችኛው ቅጠል ካልተነሣለት ጎመን አያድግም ብላ ነው የምታምነው፤ እናቷም እንደዚያ፣ አያቷም እንደዚያ። በእኛ መንደር ባለሙያ ሴት የምትለየው ጎመኗ ባዶ አገዳውን ረዝሞ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል ይዞ፣ ከአጥር በላይ ብቅ ሲል ነው። የእናቴን ጎመን ገበያተኛ ቆሞ ያየው ነበር።

እኔ ኮሶበር ነበር የምማረው። የዳገቱ መንገድ በየቀኑ አያስመላልስምና ከሳምንት እስከ ሳምንት አክስቴ ቤት አድራለሁ፣ ቅዳሜ ወደ ቤት እመለሳለሁ። የእርሻ መምህራችን ከሌላ አገር የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ብርዳችን አልስማማ ብሎት ሁልጊዜ አፍንጫው ቀልቶ ነው የሚያስተምረው። በትምህርት ቤቱ ጀርባ ለየክፍሉ መደብ ሰጥቶን ነበር። አንድ ቀን፣ እርሻና አትክልት በምን ይለያሉ ብሎ ጠየቀን። አንዱ እርሻ ሰፊ ነው፣ ጓሮ ጠባብ ነው አለ። ሌላው እርሻ በበሬ ነው፣ ጓሮ በእጅ ነው አለ። እኔ ብድግ አልሁና፣ «እርሻ የአባቴ ነው፣ ጓሮ የእናቴ ነው» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ አበደ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ጠመኔውን አንሥቶ ያልሁትን ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ ያስረዳን ነገር እስከ ዛሬ የምሠራበት ነው። እርሻ ላይ ዘር በእፍኝ ይበተናል፣ የወጣው ይወጣል፣ የቀረው ይቀራል። አትክልት ግን እያንዳንዷ ተክል ለብቻዋ ትታወቃለች፤ የቷ እንደጠማት፣ የቷ ጥላ እንደበዛባት፣ የቷን ትል እንደያዛት ባለቤቷ ያውቃል። አትክልተኛ ማለት ይኼ ነው አለን። እኔም በሆዴ፣ ይኼማ እናቴ ናት አልሁ። በዚያው ሰሞን ለእያንዳንዳችን በቤታችን የምንተክለው የጥቅል ጎመን ችግኝ አደለን። ጥቅል ጎመን የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በመንደራችንም ያየ አልነበረም።

ችግኙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እቤት ስደርስ ደጃችን ላይ የታሰሩ በቅሎዎች አየሁ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር።

አባቴን ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታይብኝ። ይወደኝ ነበር፤ ከፈረሱ ቀጥሎ እኔን ነው የሚወደው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የሚያስፈራው መንገዱ ነው። በዚያን ጊዜ ከኮሶበር ወደ ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ነበረች፣ ጓደኛዬ ነበረች፤ እሷ ከተወሰደች ወዲህ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳገቱ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። በጉልበት ከምትወሰድብኝ በወግ ልዳራት አለ። ሰርጉም ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይሁን ተባለ። እኔ አልተጠየቅሁም። እናቴም አልተጠየቀች። እኔ ትምህርቴን እወድ ነበር። ያን ሌሊት ከእናቴ ጎን ተኝቼ ትራሷን በእንባ አራስሁት።

መምህሩ ነገሩን ሲሰማ አላስችል ብሎት ቅዳሜ በእግሩ መጣ። አባቴ በወጉ ተቀበለው፣ ጠላ ተቀዳለት። ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ አያስወጧት ብሎ ለመነው። አባቴም፣ ለመሆኑ ምን አስተማርኻት ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ብዙ ትምህርት ቆጠረና መጨረሻ ላይ ጎመን የሚለውን ጨመረ። አባቴ ጠላው ትን እስኪለው ሳቀ። ጎመንስ እናቷ ታስተምራት የለም ወይ! መምህሩ ግን አልተሸነፈም፤ ይኼኛው ጎመን ሌላ ነው፣ ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ እየተጠቀለለ እንደ ሰው ራስ ይደድራል አለው። አባቴ ጎመን ሊደድር ብሎ፣ ዋሾን እንደሚያይ ሰው አየው። ከዚያ ያ የዳንግላ ሰውነቱ ተነሣበትና ጋቢውን አስተካከለ።

«ይጠቀለላል ነው የምትለኝ?»

«ይጠቀለላል። ለፋሲካም ይደርሳል።»

«እንግዲያው እንወራረድ። ለፋሲካ ከተጠቀለለ ልጄ ትማር፣ እኔም ቃሌን ለሽማግሌዎቹ እመልሳለሁ። ካልተጠቀለለ እድራታለሁ፣ አንተም ስለ ትምህርት ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም።»

የመንደራችን ጭቃ ሹም ጎረቤታችን ነበሩ፤ ተጠርተው መጡና ውርርዱን ሰሙ፣ ዳኛም ሆኑ። እኔ ከጓዳ ሆኜ በሕይወቴ ላይ በጎመን ሲወራረዱበት እሰማለሁ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። እናቴ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታ ጠላውን ሞላች።

ችግኞቹን እኔና እሷ ተከልናቸው። ከምንጩ አጠገብ ያለውን፣ ለነጭ ሽንኩርት ያዘጋጀችውን ምርጥ መደብ ለቀቀችልኝ። ፍጉን በእጇ አፍርሳ አላመችው። የጥር ውርጭ ጎመን የሚያቃጥልበት አገር ነውና ማታ ማታ የቀርከሃ ቅጠል አለበሰቻቸው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ገለጠችላቸው። ገና ልጆች ናቸው ትላለች። በአገውኛም ብዙ ነገር ነገረቻቸው፣ እያጉተመተመች ነውና ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም።

ችግኞቹ ሥር እንደያዙ አክስቴ ወለደች። አራስ ጥሎ መምጣት አይሆንምና ቅዳሜና እሑዱንም እዚያው ኮሶበር መዋል ጀመርሁ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሕፃን አባብላለሁ፤ ልቤ ግን ጓሮ ነው። ለእናቴ በመንገደኛ ሁሉ አደራ እልካለሁ፣ አደራ ጎመኔን እላለሁ። እሷም አታስቢ፣ ከእኔው ጎመን አስበልጬ ይዤልሻለሁ ብላ ትልክብኛለች። እኔም ደስ ይለኛል። ጅል!

አክስቴ ተነሥታ፣ ዐቢይ ጾምም ተጋምሶ፣ ለደብረ ዘይት በዓል ቤት ገባሁ። እናቴ ነጠላዬን እንኳ ሳልጥል እጄን ይዛ፣ ነይ እይ፣ ነይ እይ እያለች ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ፊቷ በርቷል። አየሁ። ጎመኖቼ ባዶ አገዳቸውን ተደርድረው ቆመዋል፤ ከሥር እስከ ወገባቸው ቅጠል የለም፣ አናታቸው ላይ ብቻ እፍኝ የማትሞላ ቅጠል ቀርታለች። ለካ ከታች ከታች እየቀጠፈች በደንብ ስታሳድግልኝ ነው የከረመችው! የቀጠፈችውንም ጾም ነውና ቤቱ በልቶታል። ጎረቤትም ቀምሷል። አባቴ ራሱ በውርርዱ ጎመን ላይ ቃሪያ ጨምሮ ጥርግ አድርጎ እየበላ፣ ይቺ የመምህሩ ጎመንስ ደኅና ጣዕም አላት ሲል ሰንብቷል።

እዚያው በመደቡ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ትል ያየሁ መስሏት ቅጠሉን ማገላበጥ ጀመረች። እኔም እያለቀስሁ ነገርኋት። ይኼ ጎመን አይቀጠፍም፤ ምግቡን የሚሠራለት የታችኛው ቅጠል ነው፣ እሱ ሲበረታ ነው መካከሉ የሚጠቀለለው አልኋት። ፊቷ ላይ ያ ብርሃን ሲጠፋ በዓይኔ አየሁት። እጆቿን አየቻቸው። የጎመኑ አረንጓዴ በጥፍሮቿ ሥር ነበር።

«እኔኮ ላሳድግልሽ ብዬ ነው» አለች።

አውቃለሁ አልኋት። ሌላ ምን እላለሁ? ከአጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ይኼ ከተጠቀለለ በኋላ ይቆረጣል?»

«አዎ።»

«አንዴ ከተቆረጠ ሌላ ቅጠል ለቤት አይሰጥም?»

«አይሰጥም፣ በቃ።»

«እና ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ፣ ሲደርስ ሊሄድ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ተነሥታ ቅሏን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደችና ውሃ ቀድታ መጣች፤ አንድ በአንድ አጠጣቻቸው።

ሰኞ ለመምህሩ ስነግረው ራሱን ያዘ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ አመለጠው፤ አልተቀየምሁትም። ልባቸው ካልተነካ ሊጠቀለሉ ይችላሉ፣ ትልቅ ግን አይሆኑም አለኝ። ከእንግዲህ ሰው እጅ አያሳርፍባቸው አለ። እናቴ የሀበሻውንም መቅጠፍ ተወችና የቀረውን ጾም ቤታችን ጎመን አልተበላም፤ በሽሮና በድንች ነው የገፋነው። አባቴ ጎመኑ የት ሄደ ሲል እናቴ ትል በላው አለችው። በየቅዳሜው እየሄድሁ አያለሁ። እናቴ ጓሮ ስትገባ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ መሄድ ጀምራ ነበር። እጇ ከልጅነቷ የለመደውን እንዳይሠራ ነው። እንደዚያ ሆና በመደቡ መካከል ስትመላለስ፣ ጳጳስ ትመስል ነበር።

ከሆሣዕና በፊት የመካከሉ ቅጠሎች ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ማጠፍ ጀመሩ። እናቴ ናት መጀመሪያ ያየችው። ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካ፣ ትንፋሿ እንኳ እንዳይደርስባቸው አፏን በነጠላዋ ይዛ አየቻቸው።

ፋሲካ ዋለ። በማግስቱ፣ ገና ሥጋው ሳያልቅ፣ ጭቃ ሹሙ መጡ፤ መምህሩም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አባቴ ጋቢውን ለዳንግላ እንደሚያደርገው አደግድጎ ወጣ። ሁላችን ጓሮ ገባን። ጎመኖቹ ባዶ አገዳቸው ላይ እያንዳንዳቸው የልጅ ጡጫ የምታህል ጥቅል ይዘው ቆመዋል። ጭራሽ ያልተጠቀለለም ነበረበት።

አባቴ ዞሮ ዞሮ አያቸው። እንደ ሰው ራስ ይደድራል ብለኸኝ ነበር፣ ይኼ ድንችም አይወጣው አለው። መምህሩ ስለ ቅጠሉ ሊያስረዳ ጀመረ፤ አባቴ በጥሩ የሙግት አማርኛ አቋረጠው፣ የተወራረድነው በጎመኑ ነው እንጂ በምክንያቱ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ጭቃ ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ፍርዱ ወዴት እንደሚሄድ ከፊታቸው አነበብሁት። አባቴ ረታሁ ብሎ ፊቱን አዞረና ወደ ቤት መራመድ ጀመረ።

«በሕግ አምላክ!»

አባቴ ባለበት ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ በኋላ አንድ እርምጃ የሚራመድ ሰው አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሕግ አክባሪ ነው። ማን እንዳለው ግን አላወቀም። ዞር ሲል እናቴ ናት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከመደቡ ጫፍ፣ በጭቃ ሹሙ ፊት ቆማለች። በሕይወቴ እንዲህ ቆማ አይቻት አላውቅም። የተናገረችውም በአማርኛ ነው፤ በገበያው አማርኛ እንዳይመስልሽ፣ አባቴ ለምሰሶው በሚናገረው አማርኛ።

«ዳኛ፣ እርስዎ የሰሙት ውርርድ ይደገምልኝ። ይጠቀለላል ተባለ እንጂ ይህን ያህል ይሆናል ተብሏል?»

ጭቃ ሹሙ አሰቡ። አልተባለም አሉ። አባቴ፣ እንደ ሰው ራስ ብሏል ብሎ ተናገረ። እሷም ሳታየው፣ ያ ከውርርዱ በፊት በጠላ ላይ የተነገረ ጨዋታ ነው፣ እርስዎ የተጠሩት ከዚያ በኋላ ነው አለች። ጭቃ ሹሙ እውነት ነው አሉ። አባቴ፣ ለምን ታዲያ እንዲህ ቀጨጨ ብሎ ጠየቃት።

«ቅጠሉን የቀጠፍሁት እኔ ነኝ፣ የበሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ልጄ በእኔ እጅና በእርስዎ አፍ አትቀጣም። አሁንም ዳኛ፣ መጠቀለሉ በዓይን አይታወቅም። ተቆርጦ ይታይ።»

ቢላዋውን ራሷ ሰጠቻቸው። ጭቃ ሹሙ አንዷን ቆረጡና በመዳፋቸው ጨመቋት፤ ደድራለች። ለሁለት ከፈሏት። ሲጥ አለች። ውስጧ ነጭ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ እጥፍ በእጥፍ፣ አንዲት ክፍተት የላትም። ሽታዋ ጥሬ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን፣ አባቴም ጭምር። ጭቃ ሹሙ ግማሿን ለአባቴ ሰጡና፣ ተጠቅልላለች ወይስ አልተጠቀለለችም ብለው ጠየቁት።

አባቴ ግማሿን ጎመን በእጁ አገላበጣት። ከዚያ እናቴን አያት። ምን ያህል ጊዜ እንዳያት እንጃ፣ ለእኔ ግን የቅዳሴ ያህል ረዘመብኝ።

«ጠበቃ እቤቴ አስቀምጬ ዳንግላ ስመላለስ ኖርሁ» አለ።

በቃ፣ ተረታ። ሲረታም እንደ ጨዋ ነው የተረታው፤ በሳምንቱ ራሱ በፈረሱ አዲስ ቅዳም ሄዶ ቃሉን መለሰ፣ ካሣም ከፈለ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሙግት ሲለማመድ እናቴን ከምሰሶው ጋር አስቀመጣት፤ ዳኛ አደረጋት ማለት ነው። እሷም ድንቿን እየላጠች፣ እዚህ ጋ ትረታለህ፣ እዚህ ጋ ትወድቃለህ ትለው ጀመር። እርስዎ ማለቱንም በዚያው ተወችው። ቅዳሜ ዳገቱ ላይ መጠበቁን ግን አልተወም፤ እስክጨርስ ድረስ ጠበቀኝ።

እኔም ተማርሁ። ከኮሶበር ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ የግብርና ትምህርት፣ ከዚያ ሥራ ብለው ሩቅ አገር መደቡኝ። በሥራዬ አላፍርም፣ ጎበዝ ነበርሁ። የስንቱን አገር ሴት ሰብስቤ ጓሮ አስተክያለሁ! በሄድሁበት ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው አንድ ነው፤ የሀበሻውን ቅጠፉ፣ ጥቅሉን ግን እጅ አታስነኩ። ሴቶቹ ይስቁብኛል። እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲያጣምሩ አሳያቸዋለሁ። ያኔ የባሰ ይስቃሉ።

ለእናቴ በየዓመቱ ዘር እልክላታለሁ። እሷም ትተክላለች፣ ትልልቅ ጥቅል ታወጣለች፣ አባቴ ኩራቱ ሌላ ነው። ለበዓል በመጣሁ ቁጥር ቢላዋ ሰጥታ ጓሮ ታስገባኛለች፤ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ለምን ራስሽ አትቆርጪም ስላት፣ እኔ መቅጠፍ እንጂ መቁረጥ አላውቅም ትላለች። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ሥራ በዛብኝና ለገናም ለፋሲካም አልሄድሁም። በክረምቱ መግቢያ መርዶ ደረሰኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ መኪና ተበላሸ፣ ስደርስ ተቀብራለች።

ለቀስተኛው ሲቀል ጓሮ ገባሁ። ከምንጩ አጠገብ ያለው መደብ በቢጫ አበባ ተሞልቷል። ጥቅሎቹ ጊዜያቸው አልፎ አናታቸው ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ግንድ ወጥቶ አብቧል፣ ንብ ይጮኽበታል። አንድም የተቆረጠ የለም። ከጎኑ የሀበሻው ጎመን እስከ አናቱ ተቀጥፎ ቆሟል። አባቴ አርጅቶ ነበር፤ በትሩን ይዞ ከአጥሩ በር መጣ። ነጭ ሽንኩርቱን እንዳይረግጥ እግሩን እያየ ቆመ።

«ልጄ ናት የምትቆርጠው ብላ ማንንም አላስነካች» አለኝ። «እኔም አልተሟገትኋትም።»

ከመደቡ ጫፍ አንዲት ያልተሰነጠቀች ጥቅል ቀርታ ነበር። ኋላ ዘግይታ የተተከለች መሆን አለባት፤ ጤነኛ ናት፣ ደድራለች፣ ደርሳለች። አባቴ ቢላዋ ላምጣልሽ አለኝ። አይ፣ ይቅር አልሁት። ጎንበስ አልሁና ከታች፣ ከሥሯ በኩል፣ አንዲት ቅጠል ቀጠፍሁ።